የማይዝገው ሰንጢ ይቆርጣል ወይ?

በኪሳችሁ ወይም በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ሰንጢ አውጥታችሁ ከስለቱ ሥር የታተመውን ጽሑፍ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ስቴንለስ» ይላል። ገዢው ይህን ቃል ሲያይ የዕቃውን ጥራት ያረጋገጠ ይመስለዋል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ እምነቴ የተላቀቅሁት በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ደን ውስጥ ነው። በጉዞዬ ዋዜማ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ተጣጣፊ ሰንጢ መስታወት ይመስል ነበር። ቀፎ ለመስቀል ሐረግ ይቆርጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ንብ አናቢ እንዳግዛቸው ፈቀዱልኝ። እኔ በአዲሱ ሰንጢዬ እንደ መጋዝ ስገዘግዝ፣ እርሳቸው ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ በሠራላቸው ጠቋራ ቢላዋ ሐረጉን በአንድ ምት ይበጥሱት ነበር። ጥቂት ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ ሰንጢህ መልኩ ያምራል፤ ግን ይቆርጣል ወይ?» አሉኝ። ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት ዝም ማለቱ ያሳፍራል። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

አቋሜን በመጀመሪያ ልግለጽ። «የትኛው ስቴንለስ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በፋብሪካ ዝርዝር ላይ ብቻ አይገኝም። ሰንጢው የሚሠራበት አገር እርጥበትና ሰንጢው የሚሳልበት ድንጋይ የመልሱ ግማሽ ናቸው። ለካፋ ሰው ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦንና 14 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው፣ በአግባቡ ግሎ በአግባቡ የቀዘቀዘ ብረት፣ ከርካሹም ከውዱም ይበልጣል ባይ ነኝ።

የአዛውንቱ ጥያቄ ከእርሳቸው በፊትም ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የተባለ የብረታ ብረት ባለሙያ፣ በባሩድ ሙቀት እየተበላ የሚያስቸግረውን የጠመንጃ አፈሙዝ ዕድሜ ለማራዘም ሲሞክር፣ 12.8 በመቶ ክሮሚየምና 0.24 በመቶ ካርቦን ያለበት ብረት አቀለጠ። ብረቱ በአሲድ በቀላሉ እንደማይበላ ሲያስተውልም ለቢላዋ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሼፊልድ የቢላዋ ከተማ ነበረችና። የከተማዋ ቢላዋ ሠሪዎች ግን በመጀመሪያው ሙከራ ስለት ሊያወጡለት አልቻሉም፤ አዲሱ ብረት ከለመዱት የተለየ የማጋልና የማቀዝቀዝ ሥርዓት ይፈልግ ነበር። ብሪርሊንም «የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ ሰው» እያሉ ተሳለቁበት። በዚያን ጊዜ የነበረው ችግር ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም በርካሽ ሰንጢዎች ላይ እናገኘዋለን።

ምክንያቱ በሁለት ንጥረ ነገሮች መካከል የሚደረግ ፉክክር ነው። ክሮሚየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በብረቱ ገጽ ላይ ውፍረቱ ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን በዓይን አይታይም፤ ሲጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ሽፋኑ ሳይቆራረጥ እንዲዘረጋ ግን 10.5 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ክሮሚየም በብረቱ ውስጥ ተሟሙቶ መገኘት አለበት። በሌላ በኩል ብረት ስለት የሚይዘው በካርቦን ነው። የጋለ ብረት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ አጥቶ በክሪስታሉ መካከል እንደተጠመደ ይቀራል። ማርቴንሳይት የሚባለው ይህ የተወጠረ መዋቅር ነው ጥንካሬን የሚሰጠው።

እንግዲህ ካርቦኑንም ክሮሚየሙንም ብናበዛ ምን አለበት? ችግሩ ካርቦን ክሮሚየምን አጥብቆ የሚይዝ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ካርባይድ የሚባሉ ጠጣር ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ በካርባይድ ውስጥ የታሰረ ክሮሚየም ደግሞ ሽፋን ለመሥራት አይጠቅምም። ተማሪዎች ራሳችሁ አስሉት። በአንደኛው የተለመደ ካርባይድ ውስጥ ሰባት የክሮሚየም አቶሞች ከሦስት የካርቦን አቶሞች ጋር ይጣመራሉ። ሰባቱን በ52፣ ሦስቱን በ12 ብናባዛ 364 ለ36 እናገኛለን፤ ይህም ማለት አንድ ግራም ካርቦን አሥር ግራም ያህል ክሮሚየም ሊያስር ይችላል ማለት ነው። ዲ2 የተባለው የመሣሪያ ብረት 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም እያለው የሚዝገው በዚሁ ምክንያት ነው። 1.5 በመቶ የሚሆነው ካርቦኑ ከክሮሚየሙ ብዙውን ወስዶበታል። በተቃራኒው የገበታ ማንኪያችን 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፤ ካርቦኑ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ አሙቀን ብናቀዘቅዘውም አይጠነክርም። ማንኪያን ስሎ ቢላዋ ለማድረግ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ወደ ካፋ እንመለስ። ካፋ ለብረት ጨካኝ አገር ናት። በቦንጋ ዙሪያ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው የካፋ ደን ውስጡ በበጋም ቢሆን እርጥብ ነው። በዚህ ላይ የሚቆረጠውን ነገር አስቡት። የማር ፒኤች በአማካይ 4 ገደማ ነው፤ አሲዳማነቱ በዋነኛነት ከግሉኮኒክ አሲድ የሚመጣ ሲሆን ባዶ ብረት ሲነካው ብረቱን ይበላል፣ ማሩንም ያጠቁረዋል። ቆጮ የሚሆነው እንሰት ሲብላላ አሲድ ያመነጫል፤ የእንሰትና የሻይ ቅጠል ጭማቂ ደግሞ ታኒን አለበት። ታኒን ከብረት ጋር ሲዋሐድ ሰማያዊ ጥቁር ውሕድ ይሠራል፤ ጥንት የጽሕፈት ቀለም ይዘጋጅ ከነበረባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። የአዛውንቱ ቢላዋ የጠቆረውም ከዚህ የተነሣ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ጥቁረት ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ የታኒን ሽፋን ቀዩን ዝገት በመጠኑ ያዘገየዋል። ከሁሉ የከፋው ጨው ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የክሮሚየሙን ሽፋን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል፤ ጨዋማ ሥጋ የቆረጠ ሰንጢ ሳይታጠብ ታጥፎ ካደረ «ስቴንለስ» የሚለው ማህተም አያድነውም። አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግልበት በነበረው በጥንቱ የቦንጋ ገበያ ነጋዴው ቢላዋውን ከጨው እንዴት ይጠብቅ እንደነበር ማወቅ እወድ ነበር።

ከዚህ በኋላ ብረቶቹን ማነጻጸር እንችላለን። በርካሽ ሰንጢዎች ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ 420ጄ2 ወይም የቻይናው አቻው 3ሲአር13 ነው። ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ፣ ክሮሚየሙ 13 በመቶ ያህል ነው። ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ክሮሚየሙ ከሞላ ጎደል ነጻ ነው፤ ስለዚህ ዝገትን በሚገባ ይቋቋማል። ጥንካሬው ግን በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ52 እስከ 54 ቢደርስ ነው፤ ስለቱ በቀላሉ ይታጠፋል። የእኔ ሰንጢ ቁጥር ስላልተጻፈበት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ሞረድ ሳሳርፍበት ግን እንደ ምስማር ተበላ።

ቀጥሎ የሚመጡት 1.4116 የተባለው የጀርመን ብረትና የስዊድኖቹ 12ሲ27 እና 14ሲ28ኤን ናቸው። የመጀመሪያው 0.5 በመቶ ካርቦንና ከ14 እስከ 15 በመቶ ክሮሚየም አለው። 12ሲ27 0.6 በመቶ ካርቦንና 13.5 በመቶ ክሮሚየም ይዟል። 14ሲ28ኤን ደግሞ 0.62 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየምና 0.11 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ናይትሮጅኑ የካርቦንን ሥራ በከፊል ሲሠራ ክሮሚየምን ያን ያህል ስለማያስር ብረቱ ሳይለሰልስ ዝገትን ይበልጥ ይቋቋማል። እነዚህ የስዊድን ብረቶች ከጢም መላጫ ምላጭ ብረት ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው፤ ካርባይዶቻቸው ጥቂትና ደቃቅ ስለሆኑ ስለታቸው ቀጭን ሆኖ ሳይሸራረፍ ይቆያል።

ከዚያ በላይ 8ሲአር13ኤምኦቪ አለ፤ ካርቦኑ 0.8፣ ክሮሚየሙ 13 በመቶ ገደማ ነው። ስለቱ ከቀዳሚዎቹ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ እንክብካቤ ካጣ ግን የዝገት ነጥብ ያወጣል። 440ሲ 1 በመቶ ገደማ ካርቦንና ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ የካርባይዱ ቅንጣቶች ትልልቅ ናቸው። በውዱ ጫፍ ደግሞ በዱቄት ብረት ዘዴ የሚሠሩት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበው ኤስ30ቪ 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውና ላሪን ቶማስ የቀመረው ማግናከት ክሮሚየሙ 10.7 በመቶ ብቻ ቢሆንም ዝገትን የመቋቋም ችሎታው እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ካርቦኑን ቫናዲየምና ኒዮቢየም እንዲይዙት ተደርጎ ክሮሚየሙ ነጻ ወጥቷል። ከላይ የተናገርነውን ፉክክር በብልሃት የፈታ ቀመር በመሆኑ እንደ ኬሚስት አደንቀዋለሁ።

ታዲያ ለምን ውዱን አልመክርም? ገንዘቡን ለጊዜው እንተወው። ጥያቄዬ ሲደንዝ በምን ይሳላል? የሚል ነው። ይህ ነጥብ በብዙዎች ንጽጽር ውስጥ ተዘንግቶ ይቀራል። መሳል ማለት ከብረቱ በሚጠነክር ነገር ብረቱን መፋቅ ነው። በቪከርስ መለኪያ ስናየው በሚገባ የጠነከረ የሰንጢ ብረት 650 ገደማ ነው። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 1,100 ገደማ፣ ክሮሚየም ካርባይድ 1,500 ገደማ፣ የፋብሪካ መሳያ የሚሠራበት አሉሚኒየም ኦክሳይድ 2,000 ገደማ ሲሆን ቫናዲየም ካርባይድ 2,600ን ያልፋል። ስለዚህ ኤስ30ቪን በተለመደ መሳያ ስናሽ በቅንጣቶቹ ዙሪያ ያለውን ለስላሳ ብረት እንፍቃለን እንጂ ቅንጣቶቹን አንነካቸውም። በወንዝ ድንጋይ ደግሞ የ440ሲ ካርባይድ እንኳ አይደፈርም። የካፋ ደጋ አብዛኛው በእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ መሆኑንም አስታውሱ። በባዛልት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፌልድስፓር ጥንካሬው ከጠነከረ አረብ ብረት እምብዛም አይርቅም። እንዲህ ያለው ድንጋይ በ56 ሮክዌል ላይ ያለን ካርባይድ አልባ ስለት በትዕግሥት ያድሰዋል፤ በ61 ላይ ላለው ግን ማሻሻ እንጂ መሳያ አይሆንም።

የአልማዝ ዱቄት የተለበጠበት መሳያ ያለው ሰው ይህን ክርክሬን ሊያፈርሰው ይችላል፤ እቀበላለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ማግናከትን ቢገዛ አይጸጸትም። ነገር ግን ስለ ዕለት ተዕለት ሰንጢ ስንነጋገር በእጃችን ያለውን ማየት ይገባናል። በቡና መገኛ አገር በእያንዳንዱ ቤት አንድ ጥሩ መሳያ ተቀምጧል፤ እርሱም ሲኒ ነው። የሲኒው መቀመጫ ቀለበት መስታወታማ ቅብ ስላልተቀባ የሸክላው ጠጣር ቅንጣቶች ተጋልጠው ይገኛሉ፤ 1.4116ንና 12ሲ27ን በሚገባ ይስላል። ለሴት አያቶቻችን ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። ቪክቶሪኖክስ የተባለው የስዊዝ ኩባንያ እንኳ በዓለም የታወቀውን የኪስ ሰንጢውን በ56 ሮክዌል ላይ አቆይቶታል። ከዚህ የሚጠነክር ብረት መግዛት ስላቃተው አይመስለኝም፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊስለው እንዲችል እንጂ። የኩባንያው ስም ራሱ የመሥራቹን እናት የቪክቶሪያን ስም «ኢኖክስ» ከሚለው የማይዝግ ብረት መጠሪያ ጋር በማጣመር እ.ኤ.አ. በ1921 የተሰጠ ነው።

አሁን ወደ አዛውንቱ ቢላዋ ልመለስ። ለባሌስትራ ከሚያገለግሉት ብረቶች አንዱ የሆነው 5160 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ይህን ቁጥር ከላይ ካየነው ከ12ሲ27 ካርቦን ጋር አስተያዩት፤ አንድ ነው! በቁርጥ ስናየው የቀጥቃጩ ቢላዋና የስዊድኑ ሰንጢ የአንድ ካርቦን ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው ከ1 በመቶ ያነሰ፣ ሌላኛው 13.5 በመቶ ክሮሚየም መያዙ ነው። በእኔ ሰንጢ ላይ የተሸነፍሁት እንግዲህ በኋላ ቀር መሣሪያ አልነበረም።

ቀጥቃጩ የማይዝገውን ብረት ለምን አይሠራውም የሚል ተማሪ ይኖራል። የባሌስትራ ብረት ለመጠንከር 840 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መጋል ይበቃዋል፤ ቀጥቃጩም የብረቱን ቅላት አይቶ ያውቀዋል። የማይዝገው ግን ከ1,000 እስከ 1,100 ዲግሪ ድረስ ግሎ በዚያው ሙቀት ለደቂቃዎች መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ካርቦኑም ክሮሚየሙም ከካርባይዱ አይላቀቁም። በወናፍና በከሰል ይህን ሙቀት እኩል አድርጎ መያዝ እጅግ ያዳግታል። የሼፊልድ ሠሪዎችም ያልለመዱት ይህንኑ ነበር። በካፋም ሆነ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ቀጥቃጮች ሥራቸው እየተፈለገ እነርሱ ግን ተገልለው የኖሩ መሆናቸው ይታወቃል። የብረትን ቅላት አይቶ ሙቀቱን የሚገምት ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢገባ ምን ሊያስተምረን እንደሚችል ጠይቀን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? የዩኒቨርሲቲ ምድጃችን ከክፍለ ጊዜ ውጭ ባዶውን ይቀመጣል፤ ቀጥቃጩ ቀርጾ የሚያመጣውን የማይዝግ ብረት ለግማሽ ሰዓት ቢያግልለት የሚጎድልብን ነገር የለም።

ስለ ተጣጣፊ ሰንጢ ሌላም መባል ያለበት ነገር አለ። ከስለቱ ይልቅ ቶሎ የሚዝገው ማጠፊያው ነው። በጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ እርጥበት ይቀመጣል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ የክሮሚየሙ ሽፋን ራሱን መጠገን ያቅተዋል። ማር ከገባበት ደግሞ ይጣበቃል። ስለዚህ ማር ለሚቆርጥ ሰው የማይታጠፍ ስለት ይሻለዋል፤ ተጣጣፊ የያዘ ሰው በሞቀ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በማጠፊያው ላይ ጠብታ ዘይት ማኖር አለበት።

የምከራከርለት ዋና ነገር ግን ማህተሙ ነው። «ስቴንለስ» የሚለው ቃል ከ0.3 በመቶ ካርቦን እስከ 1.45 በመቶ ካርቦን ያሉትን ሁሉ ያጠቃልላል፤ የማንኪያውን ብረት እንኳ አያስቀርም። መድኃኒት ላይ «ክኒን» ብቻ ብሎ እንደመጻፍ ነው። ደረጃ አውጪው መሥሪያ ቤት ወደ አገር በሚገቡ ቢላዋዎችና ሰንጢዎች ላይ የብረቱ መለያ ቁጥር እንዲታተም ቢያስገድድ አስመጪውን የሚያስወጣው ወጪ ኢምንት ነው። ለንብ አናቢ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ደነዝ ሰንጢ ኃይል ይጠይቃል፤ በረጅም ዛፍ ላይ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ ይዞ በሌላው ሐረግ ለሚቆርጥ ሰው ያ ተጨማሪ ኃይል ሚዛኑን ሊያስተው ይችላል።

ቁጥሩ እስኪታተም ድረስ ተማሪዎች የሚከተለውን ሞክሩ። ሰንጢውን ማግኔት ካልሳበው የማንኪያ ብረት ዘመድ መሆኑ አይቀርም፤ ተዉት። ማግኔት ሳበው ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ የማይጠነክሩ ግን ማግኔት የሚስባቸው የክሮሚየም ብረቶች አሉና። ቀጥሎ ከስለቱ ራቅ ብላችሁ ሞረድ በቀስታ አሳርፉበት፤ ሞረዱ ብረቱን በቀላሉ ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ የመንሸራተት ዝንባሌ ካሳየ ጠንካራ ነው። በመጨረሻም ከቦንጋ ብዙም በማይርቀው በውሽውሽ ከሚመረተው ሻይ አወፍራችሁ አፍሉና አንድ ጠብታ በስለቱ ላይ አሳድሩ። ጠዋት ጥቁር ክብ ከተገኘ ነጻ ክሮሚየሙ በቂ አይደለም።

በሚቀጥለው ጉዞዬ 12ሲ27 የተጻፈበት የማይታጠፍ አነስተኛ ቢላዋ ይዤላቸው ሄድሁ። አዛውንቱ ማህተሙን አላዩትም። ከጅረቱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ጥቂት አሹትና አንድ ወፍራም ሐረግ ስበው ቆረጡበት። ቁርጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ይቆርጣል» አሉ። ቀጥለውም ቢላዋውን አገላብጠው አዩትና የፕላስቲኩን እጀታ እያሳዩኝ «ይህ ግን ማር ሲነካው ያዳልጣል፤ እጀታውን እኔ በእንጨት እቀይረዋለሁ» አሉኝ።